ሳይታረስ አይዘራም
ከባድ የቫዮሊን ድርሰት ለማጥናት ስለሚደረግ ዝግጅት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ጣርማ በር ላይ ዋሻውን ካለፈ በኋላ ቍልቍል ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። ከዚያም ብርዱ ይቀርና የይፋት ቆላ ሙቀት መንገደኛውን ይቀበለዋል። ከባሕር ወለል በላይ 1300 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳላት ወደ ሸዋ ሮቢት ለሥራ በወረድን ጊዜ፥ ከልብሳችን ጋር አንድ ቫዮሊንና አንድ የኖታ ደብተር ይዘን ነበር። ሐሳባችንም ዮሐን ሰባስትያን ባኽ ለአንድ ቫዮሊን ብቻ የደረሰውንና ሻኮን የተባለውን ድርሰት በማታው የዕረፍት ሰዓት ለማጥናት ነበር።

ሻኮን፥ ባኽ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1720 ዓ.ም. በገዛ እጁ በጻፈው ደብተር ውስጥ የሚገኝ ሲሆን የሁለተኛው ፓርቲታ መደምደሚያ ነው። አራት ሜዠር ብቻ የሆነው መነሻው ከ60 ጊዜ በላይ መልኩን እየለዋወጠ ይመላለሳል፤ ለመጫወትም ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል። አጃቢ ፒያኖም ሆነ ኦርኬስትራ የለውም። ዜማውንም አጀቡንም የሚሸከሙት አራቱ አውታሮች ብቻ ናቸው።

እኛም ምንም ሳንዘጋጅ ከመጀመሪያው መስመር ጀመርን። ጣታችን በተተበተበ ቍጥር ወደ መነሻው እንመለሳለን። ከአንድ ወር በኋላ የመጀመሪያው ገጽ እንደ ውኃ ሲወርድልን፥ ሦስተኛው ገና እንግዳ ነበር። አንድ ማታ ጎረቤታችን የሆኑ ሽማግሌ ገበሬ ብቅ አሉና፥ ሁልጊዜ መግቢያዋን ብቻ እንደምንመታ አስተውለው፥ ውስጥዋ የለም ወይ ብለው ጠየቁን። ነገሩ ከባድ መሆኑን ብናስረዳቸው፥ የጤፍ መሬት ተደጋግሞ ካልታረሰ ዘሩን መበተን ድካም ብቻ መሆኑን ነግረውን ሄዱ። ምክሩ ስለ ጤፍ ቢሆንም ለቫዮሊንም የሚሆን ሆኖ አገኘነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው እርሻ መሣሪያውን ማሰናዳት ነው። ቫዮሊን እንጨት ስለ ሆነ አየሩን ይሰማል። ከደጋ ወደ ቆላ ሲወርድ አውታሩ ይላላል፤ አየሩ ሲደርቅ መቃኛው ይንሸራተታል፤ በፀሐይ በተዘጋ መኪና ውስጥ ከተተወም ሙጫው ለስልሶ መጋጠሚያው ሊላቀቅ ይችላል። ስለዚህ ከጥላ ሥር ማኖርና በየዕለቱ መቃኘት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው፥ ደጋኑን አስቀምጦ ኖታውን ማንበብ ነው። ሻኮን በሬ ሚኖር ተነሥቶ በመካከሉ ወደ ብሩሁ ሬ ማዦር ይሻገራል፤ በመጨረሻም ወደ ሬ ሚኖር ይመለሳል። ይህን ሳያውቁ መጀመር ካርታ ሳይዙ በረሓ እንደ መግባት ነው።

ሦስተኛው፥ የትኛው ጣት የት እንደሚያርፍና ደጋኑ ወዴት እንደሚሳብ በእርሳስ መጻፍ ነው። የቫዮሊኑ የአውታር መደገፊያ ጐባጣ ስለ ሆነ፥ ደጋኑ አራቱን አውታሮች ባንድነት ይዞ ሊያቈያቸው አይችልም፤ አራት ድምፅ ያለበት ቦታ ተከፋፍሎ ይመታል። እንዲህ ያለውን አስቸጋሪ ቦታ ለይቶ፥ ከሁሉ አስቀድሞ፥ እጅግ በዝግታ ማጥናት ይገባል።

አራተኛው፥ ጆሮን ማሠልጠን ነው። በዚህ የገዛ አገራችን ባለማሲንቆ መምህራችን ይሁን። ጣቱ የፈረስ ጭራውን አውታር ይነካዋል እንጂ ከእንጨቱ ጋር አያጣብቀውም፤ ትክክለኛውን ድምፅ የሚነግረው ጆሮው ነው። የቫዮሊንም አንገት ምልክት የሌለው ልሙጥ ስለ ሆነ፥ ዜማውን አስቀድሞ በአፍ ማንጐራጐር ጣትን ከመሳሳት ያድናል።

ምናልባት፥ ይህ ሁሉ ድካም ለምን፥ የሚል ወጣት ይኖር ይሆናል። ዛሬ ዓለም በፒያኖ የሚያውቃቸው እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ቫዮሊንም አጥንተዋል። በልጅነታቸው በስዊስ አገር ጀምረው፥ በኋላም በካይሮ አሌክሳንደር ኮንቶሮዊች ከተባለው የፖላንድ ተወላጅ የቫዮሊን መምህር ዘንድ ተምረዋል። በዚያን ጊዜ ለቫዮሊንና ለፒያኖ በቀን ዘጠኝ ሰዓት ያህል ያውሉ እንደ ነበር ይነገራል። የካይሮ ሙቀት ለጤናቸው ባይስማማ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ሙዚቃን ግን እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ አልተዉም። በ2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ሲያርፉ 99 ዓመታቸው ነበር።

ወደ ወረዳ የሚመደብ ወጣት፥ መምህር የለኝም፥ ሙቀቱም አላሠራኝ ብሎ መሣሪያውን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። ከተሰቀለ በኋላ የሚያወርደው ጥቂት ነው። ነገር ግን ከላይ ከዘረዘርነው ዝግጅት አብዛኛው እርሳስና ትዕግሥት እንጂ መምህር የሚጠይቅ አይደለም።

እኛም ቫዮሊኑን ለሁለት ሳምንት ሳንነካ በኖታው ላይ ብቻ ሠራን። እንደገና ስናነሣውም ከመጨረሻው ገጽ ጀምረን ወደ ኋላ ተጓዝን። ሻኮንን በሙሉ ለመጫወት ገና ብዙ ማታ ይቀረን ነበር። ሆኖም ጎረቤታችን በደጃችን ሲያልፉ ጥቂት ቆም ብለው አዳመጡና፥ አሁን ውስጥዋ ገባችሁ አሉን።