ለአሮጌ ፒክ አፕ ሞተር ሲፈለግ ዝምድና ይቆጠራል

በፒያሳና በመርካቶ መካከል ያለው አትክልት ተራ ለረጅም ዓመታት የአዲስ አበባ ሽንኩርትና ቲማቲም ማራገፊያ ነበር። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ገበያው ወደ ጃንሜዳ፣ በኋላም ከዚያ ወደ ሃይሌ ጋርመንት ተዛወረ። ከመቂና ከባቱ ጭነው የሚመጡት አይሱዙዎች ናቸው፤ ከገበያው ተረክቦ ለየሰፈሩ ጉሊትና ሱቅ ማዳረስ ግን የፒክ አፕ ሥራ ነው። ከነዚህ ፒክ አፖች መካከል ሠላሳና አርባ ዓመት ያስቆጠሩ ቶዮታ ሃይሉክሶች አሉ። ሻንሲያቸው ጤነኛ ነው፤ ባሌስትራቸው ተጨምሮበት ጭነት ይችላል። አንድ ቀን ግን ሞተሩ ዘይት መብላት፣ ሰማያዊ ጭስ መትፋት፣ ዳገት ላይ መለገም ይጀምራል። ባለቤቱም “ለዚህ መኪና የቱ ሞተር ይገባለታል?” ብሎ ይነሳል።

እኔ ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ። አንድ አሮጌ ፒክ አፕ ላይ ሂሳቡም፣ የአየሩ ጠባይም፣ የመርካቶ ብልሃትም፣ ሕጉም አንድ ላይ ይገናኛሉ። ደግሞም ጊዜው የግድ የሚል ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸው ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠራ አውቶሞቢል አገር ውስጥ እንዳይገባ መከልከሉ ይፋ ሆነ። እንዲህ ባለ ጊዜ በእጅ ያለን ደህና ሻንሲ ለቁራሌ መስጠት አያዋጣም።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር። ለጋብቻ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ዘመድ ይሸሻል፤ ለሞተር ግን የሚፈለገው የቅርብ ዘመድ ነው።

የሃይሉክስን ዘር እንቁጠር። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ “ኤል” የተባለ 2,188 ሲሲ የናፍጣ ሞተር አወጣ። ከዚያ ታናናሾቹ ተከተሉ፤ 2ኤል 2,446 ሲሲ፣ 3ኤል 2,779 ሲሲ፣ 5ኤል 2,986 ሲሲ። አሁን ልብ በሉ። የ2ኤል ሲሊንደር ስፋቱ 92 ሚሊ ሜትር ነው፤ ፒስተኑ የሚመላለስበት ርቀትም 92። የ3ኤል ሁለቱም 96 ናቸው። 5ኤል ደግሞ ርቀቱን 96 ላይ ትቶ ስፋቱን ብቻ ወደ 99.5 አሳደገ። ዕድገቱ በሚሊ ሜትር የሚቆጠርና በአብዛኛው ከውስጥ የሆነ ነው፤ የውጭ ቅርጻቸው ተቀራራቢ እንደሆነ ቀረ። 2ኤል የወረደበት ካምቢዮ 3ኤልን አልቀበልም የማይለው ለዚህ ነው። የአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባሶች፣ ማለትም ቶዮታ ሃይኤሶቹ፣ ለብዙ ዘመን የሠሩት በዚሁ ዘር ሞተር ነው። ስለዚህ መለዋወጫውም፣ እጁ የለመደ መካኒክም ከተማው ውስጥ ሞልቷል።

“ከተመሳሳይ ዘር ነው” ማለት ግን “ዝም ብሎ ይገባል” ማለት አይደለም። ሞተር ከመኪናው ጋር የሚገናኝባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል። ከኋላ ካምቢዮው አለ፤ ብሎኖቹ ቢገጥሙም የቮላኖው መጠን ከፍሪሲዮኑ ጋር፣ ጥርሱም ከሞተሪኖው ጋር መስማማት አለበት። በጎንና በጎን ሞተሩ የሚቀመጥባቸው ጎማዎችና ክንዶች አሉ። ከፊት የራዲያተሩ ቱቦዎች፣ ከጎን የጭስ ማውጫው አለ። ማሞቂያ ካንዴላዎቹ የሚሠሩበት ቮልቴጅም ከመኪናው ጋር መመሳከር አለበት፤ አንዱ ከሌላው ይለያያል።

ከሁሉም የሚያስቸግረው ከታች ያለው የዘይት ቋት ነው። በሃይኤስ ላይ ሞተሩ የሚቀመጠው ከፊት ወንበር ሥር ነው፤ የዘይት ቋቱ ቅርጽም ለዚያ ቦታ የተሠራ ነው። ያንኑ ሞተር እንዳለ ሃይሉክስ ላይ ብታወርዱት ቋቱ ከታች ካለው ብረት፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳ ከሆነ ደግሞ ከፊት ዲፈረንሻሉ ጋር ሊጋጭ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው። የአሮጌው ሞተር ቋት፣ ዘይት የሚስበው ቱቦ፣ የመቀመጫ ክንዶቹ፣ ካስፈለገም የጭስ ማውጫው ተፈትተው ወደ አዲሱ ይዛወራሉ። ከዚህ አንድ ጥብቅ ምክር ይወጣል፤ አዲሱ ሞተር ተነስቶ መኪናው እስኪንቀሳቀስ ድረስ አሮጌው ሞተር አይሸጥም። ብዙ ሰው ሞተሩን ለመግዛት ሲል አሮጌውን አስቀድሞ ይሸጥና፣ በኋላ ለአንድ የብረት ክንድ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበትን ሶማሌ ተራን ሲያስስ ይውላል።

ስንተኛው ወንድም ይሻላል? እዚህ ላይ ከፍታው ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ይሳሳል። አየሩ ሲሳሳ የገባው ናፍጣ በሙሉ አይቃጠልም፤ ዳገት ላይ የምናየው ጥቁር ጭስ አንዱ ምክንያቱ ይህ ነው። 3ኤል ይዘቱ ከ2ኤል በ14 በመቶ ያህል ይበልጣል፤ 5ኤል ደግሞ በ22 በመቶ። ከፍታው የወሰደውን በከፊል ይመልሳሉ ማለት ነው። ሽንኩርት ጭኖ የከተማውን ዳገት ለሚወጣ መኪና ይህ ልዩነት በማርሽ ይታወቃል፤ በሁለተኛ የሚወጣውን በሦስተኛ ይወጣዋል። ሰፊ ሞተር ሙቀቱም ይበዛልና ራዲያተሩ ተከፍቶ ይጠረግ፤ ፍሬኑም አብሮ ይታይ።

ታዲያ ለምን ቱርቦ ያለውን አናስገባም የሚል ይኖራል። ባለ ቱርቦው የቶዮታ 1ኬዜድ ቲኢ 2,982 ሲሲ ነው፤ ጉልበቱም የሚያጓጓ ነው። ነገር ግን የናፍጣ ፓምፑ የሚታዘዘው በኮምፒውተር ነው። ሞተሩን ያለ ኮምፒውተሩና ያለ ሙሉ የኤሌክትሪክ ገመዱ መግዛት ከንቱ ድካም ነው። የ2ኤል ቱርቦው ደግሞ ሲሞቅ ቴስታታው የመሰንጠቅ ስም አለው። 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል ግን ፓምፓቸው ሜካኒካል ነው፤ ናፍጣና ባትሪ ካገኙ ይነሳሉ። በየቀኑ ገበያ መውጣት ላለበት መኪና ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ሶማሌ ተራ እንግባ። ሞተሩ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ በናፍጣ ታጥቦ ያብረቀርቃል። ማብረቅረቁን ተዉት። የዘይት ክዳኑን ክፈቱና ከሥሩ እዩ፤ ወተት የመሰለ ነገር ካለ ውኃና ዘይት ተቀላቅለዋል። ቀጥሎ ከፊት ያለውን የፑሊ ብሎን በቁልፍ ያዙና ክራንክ ሻፍቱን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩት። ባለ አራት ሲሊንደር ስለሆነ በሁለት ዙር ውስጥ አራት ጊዜ እጃችሁን ሊይዛችሁ ይገባል፤ አራቱም ጊዜ አያያዙ እኩል መሆን አለበት። ሦስቱ ጠንክረው አንዱ ከላላ ያ ሲሊንደር ታሟል። መለኪያ ያለው መካኒክ ካገኛችሁ ደግሞ ኮምፕረሽኑን ያንብብላችሁ። የአምራቹ መጽሐፍ ለጤነኛ ሞተር 32 ኪሎ ያህል፣ ዝቅተኛውን 20 ኪሎ ይላል፤ በሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነትም ከ5 ኪሎ እንዳይበልጥ ያዛል። እኛ ከፍታ ላይ ስለሆንን ንባቡ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ አራቱ እርስ በርስ መቀራረባቸውን እመኑ። ሞተሩ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ታይሚንግ ቺንጋውን ከመግባቱ በፊት ለውጡት። ዕድሜው 100,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ ስንቱን እንደሄደ የሚነግራችሁ የለም፤ ከተበጠሰ ደግሞ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ።

ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት በብሎኩ ላይ የተመታውን የሞተር ቁጥር በጨርቅ ጠርጋችሁ አንብቡ። የተሞረደ ወይም በላዩ ላይ እንደገና የተመታ ከመሰለ፣ ሻጩ “ወንድሜ፣ ችግር የለውም” ቢልም ትታችሁ ሂዱ። የሞተር ቁጥር ከሻንሲ ቁጥር ጋር ሊብሬ ላይ የሚሰፍር መለያ ነው፤ ስለ ተሽከርካሪ መለያ፣ ምርመራና ምዝገባ የወጣው አዋጅ ቁጥር 681/2002ም የሚገዛው ይህን ነው። ሞተር ሲቀየር ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት አሳውቆ ሊብሬውን ማስተካከል ግድ ነው። ስለዚህ የግዢ ደረሰኙንና ሞተሩ ከውጭ የገባበትን የጉምሩክ ወረቀት አብራችሁ ተቀበሉ። ያለዚያ ለቦሎ ምርመራ ስትቀርቡ ወይም መኪናውን ስትሸጡ ቁጥሩ አልመሳከር ይላል፤ ጤነኛው ሞተራችሁም የተሰረቀ ይመስላል።

ምርጫው ሲያስቸግራችሁ ደላላ ከመጥራታችሁ በፊት ሚኒባስ የሚጠግን ጋራዥ ሂዱ። “ጋሼ፣ በዚህ ወር ስንት 3ኤል ከፈቱ? ፋሻውን፣ ቴስታታውን፣ ፓምፑን ከየት አመጡ?” ብላችሁ ጠይቁ። ሳያመነታ ከመለሰላችሁ ለፒክ አፓችሁ የሚስማማውን ሞተርም፣ ወደፊት የሚጠግንላችሁን ሰውም በአንድ ጉዞ አገኛችሁ።