ባትሪ ከመቀየሩ በፊት የኃይል መሙያው ሥርዓት ይፈተሽ

ረጅም ዓመት ያገለገለ ተሽከርካሪ ጠዋት አልነሳ ሲል በአብዛኛው ቀድሞ የሚጠረጠረው ባትሪው ነው። ጉድለቱ የዲናሞው ወይም የገመዶቹ ከሆነ ግን በብዙ ወጪ የተገዛው አዲስ ባትሪም ብዙ ሳይቆይ ይደክማል። በሌሊት ጉዞ ላይ መብራት ሊጠፋ ስለሚችልም ጉዳዩ የመንገድ ደኅንነትን ይመለከታል።

በቅድሚያ የባትሪው ማያያዣዎች መጥበቃቸውና ከዝገት መጽዳታቸው፣ ዲናሞውን የሚያሽከረክረው ቺንጋም አለመላላቱ ይታያል። ቀጥሎ ቮልቴጅ በሚለካ ቴስተር ሁለት ልኬቶች ይወሰዳሉ።

የመጀመሪያው ሞተሩ ጠፍቶ ለጥቂት ሰዓታት ካረፈ በኋላ ነው። ሙሉ ኃይል ያለው ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ከ12 ቮልት በታች ከሆነ ኃይሉ ተሟጧል። ሁለተኛው ሞተሩ እየሠራ የሚወሰድ ሲሆን፣ በአብዛኛው ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት መሆን ይገባዋል። ከ13 ቮልት በታች ከቀረ ባትሪው በአግባቡ እየተሞላ አይደለም፤ ከ15 ቮልት ካለፈ ደግሞ ከመጠን በላይ እየተሞላ ይጎዳል። ሁለተኛው ልኬት ትክክል ሆኖ ሳለ ተሽከርካሪው ቆሞ ሲያድር ኃይሉ የሚያልቅ ከሆነ፣ ባትሪው ኃይል መያዝ አቅቶታል ወይም ሳይጠፋ የቀረ መሣሪያ አለ ማለት ነው።

ዲናሞውን ለመፈተን ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ መንቀል ፈጽሞ አይገባም። ድርጊቱ ድንገተኛ የቮልቴጅ ጭማሪ በመፍጠር የዲናሞውን ዳዮዶችና ሌሎች የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች ሊያቃጥል ይችላል። ባትሪ ሲሞላ ተቀጣጣይ የሃይድሮጂን ጋዝ ስለሚያመነጭም በአቅራቢያው እሳት መለኮስ የተከለከለ ነው።