የሻጭ የማረም መብትና የሊሙ ቡና

ከጅማ በስተ ሰሜን፣ በሊሙ ገነትና በአካባቢዋ የሚኖረው ሕዝብ ኑሮውን በቡና ላይ ያጸና ስለ ሆነ፣ የሽያጭ ውል ለእርሱ በሕግ ዐዋቂዎች ዘንድ ብቻ የሚነገር ነገር ሳይሆን፣ ቀይ እሸቱ ተለቅሞ፣ ተፈልፍሎ፣ ታጥቦና ደርቆ በጆንያ ከሚጫንበት ሰዓት ጀምሮ የዕለት እንጀራውን የሚወስንበት ጉዳይ ነው። አቅራቢው ያስረከበው ቡና ነውር ቢገኝበት ገዢው ውሉን ወዲያው ያፈርሳልን፣ ወይስ ሻጩ ያጎደለውን እንዲያርም ዕድል ይሰጠዋል?

በሬኔ ዳቪድ አርቃቂነት ተሰናድቶ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ገዢው ዕቃውን እንበለ መዘግየት መርምሮ ጉድለቱን ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዝዛል፤ ማስታወቁም ሻጩ ስሕተቱን ዐውቆ መፍትሔ የሚሻበትን በር ይከፍትለታል። እ.ኤ.አ. በ1980 በቪየና የጸደቀው የዓለም አቀፍ የሽያጭ ስምምነት ደግሞ ነገሩን ገልጦ፣ ሻጩ ከልክ በላይ ሳይዘገይና ገዢውን ሳያውክ በራሱ ወጪ ጉድለቱን ሊያስተካክል እንደሚችል ይደነግጋል፤ ገዢውም ለደረሰበት ጉዳት ካሣ የመጠየቅ መብቱ አይቀርበትም።

ድንጋጌው ርትዕ ያለው ነው፤ ነገር ግን በቡና ላይ ሲደርስ ነውሩን ከነውር መለየት ግድ ይላል። እርጥበት የበዛበት ቡና እንደገና ሊደርቅ፣ ጥቁሩና የተሰባበረው ፍሬ በለቃሚዎች እጅ ሊወገድ ይቻላልና፣ ይህን ለማድረግ የተዘጋጀውን ሻጭ መከልከል የዓመት ድካሙን በከንቱ ማፍሰስ ነው እላለሁ። ከሰዓቱ አልፎ በገንዳ ውስጥ የኮመጠጠ ቡና ግን ጣዕሙን የሚመልስለት ጥበብ የለም። ከዚህም የከፋው በ2000 ዓ.ም. ታየ፤ ቡናችንን በብዛት ከሚገዙት አገሮች አንዷ የነበረችው ጃፓን ከሚፈቀደው ልክ ያለፈ የፀረ ተባይ መድኃኒት ቅሪት አግኝታበት ግዢዋን እጅግ ቀነሰች፤ የተጠረጠረውም የገበሬው ማሳ ሳይሆን የተበከለው ጆንያ ነበር። ባሕር ተሻግሮ ለደረሰ እንዲህ ላለ ጭነት የማረም መብት ምን ይረባዋል?

ስለዚህ የመብቱ ሥፍራ በወደብ ሳይሆን እዚሁ በጅማ፣ ናሙናው በሚወሰድበትና ቀማሹ በሚፈርድበት መጋዘን ሊሆን ይገባል። አቅራቢዎችና ላኪዎች ሆይ፣ ከመፈራረማችሁ አስቀድሞ የትኛው ጉድለት እንደሚታረም፣ በስንት ቀን እንደሚታረም፣ የለቀማውንም ዋጋ ማን እንደሚከፍል በውላችሁ ውስጥ በግልጥ ጻፉ።