ቴሌብር አስከሬን አይሸከምም

ጥያቄው አጭር ነው፤ የእድር መዋጮዬን በየወሩ ከከፈልኩ ቀብር ላይ መገኘት ግዴታዬ ነው ወይ?

ጎጃም በረንዳ፣ ቢያንስ እኛ መንደር ውስጥ፣ በዚህ ጉዳይ ያልተከራከረ ቤት አለ ለማለት ይከብደኛል። ልጅ “ብሩን ልኬያለሁ” ይላል። አባት “ብር ማን ጠየቀህ?” ይላል። (ይጠይቃሉ እኮ! ያውም ከዘገየ ከነቅጣቱ።) ዕድሜዬ ከልጆቹ ወገን ነው። በዚህኛው ክርክር ግን አባቶቹ ይበልጡብኛል፤ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም።

መጀመሪያ የልጆቹን ልናገር፤ ምክንያታቸው የሚናቅ አይደለም። መርካቶ ውስጥ ሰዓት ገንዘብ ነው። በኮሚሽን የሚሠራ ልጅ ከሰዓት በኋላ ሱቁን ትቶ ከሄደ የዚያን ቀን እንጀራውን ነው ትቶ የሄደው። ተቀጣሪው ደግሞ ማስፈቀድ አለበት። “ምንህ ነው የሞተው?” ይባላል። “ጎረቤቴ” ብሎ ፈቃድ ማግኘት እንዴት እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል። ቤታቸው ፈርሶ ወይም ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ኮዬ ፈጬና የካ አባዶ የገቡም አሉ። ሰፈር ለወጡ እንጂ እድር አልለወጡም። ለእነሱ አንድ ቀብር ማለት ግማሽ ቀን ማለት ነው።

ስለዚህ ግንቦት 2013 ላይ ቴሌብር ሲመጣ ትልቅ እፎይታ ነበር። ድሮ እሁድ ጠዋት ደብተር ይዞ ገንዘብ ያዡ ፊት መሰለፍ ነበር፤ አሁን ታክሲ ውስጥ ተቀምጣችሁ ትጨርሱታላችሁ። ጡሩምባውም ወደ ቴሌግራም ገብቷል። ንጋት ላይ በየበሩ እየዞረ “የእድርተኞች…” እያለ የሚጣራው ሰውዬ ቀርቶ፣ ፎቶና የቀብር ሰዓት ግሩፑ ላይ ይለጠፋል። ከሥሩ “ነፍስ ይማር” ይደረደራል። ሁለት የተጣመሩ እጆች ይላካሉ። አለቀ።

አለቀ ወይ?

ባለፈው ክረምት መንደራችን ውስጥ ብቻቸውን ይኖሩ የነበሩ አንዲት እናት አረፉ። ልጃቸው ውጭ አገር ናት፤ አልደረሰችም። ግሩፑ ላይ ያልጻፈ ሰው አልነበረም። መዋጮም በዚያው ቀን ገባ፤ ጸሐፊያችን “እንዲህ ቶሎ ተሟልቶ አያውቅም” ብሎናል። ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ግን ዝናብ ነው፣ መሬቱ ጭቃ ነው፣ የሬሳ ሳጥኑን ከመኪና አውርዶ የሚሸከም ሰው ጠፋ። ተሸካሚዎቹን አየሁ። ከ60 ዓመት በታች የነበርነው ሁለት ነን። አንዱ አባት ጉልበታቸው ስለሚያማቸው በየሃያ እርምጃው ትከሻ ይቀያየሩ ነበር። የእድሩ ሂሳብ ሙሉ ነው፤ ትከሻ ነው የጎደለው። ልጅቷ በቪዲዮ እየተከታተለች ነበር። “ሰው የለም እንዴ?” አለች፤ ስልኩን የያዘው ልጅ ካሜራውን ወደ መሬት አዞረው።

እድር ለምን እንደተፈጠረ ማስታወስ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ኢኮኖሚስቶች የቀብር ኢንሹራንስ ይሉታል፤ ግማሹን ነው ያዩት። አጥኚዎች እንደሚሉት የዛሬው መልኩ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርተ ዓመታት ከገጠር ወደ ከተማ ከገቡ ሰዎች ጋር የመጣ ነው፤ በጣሊያን ወረራ ዘመንና ከዚያ በኋላም ተስፋፋ። ገበያው ከአራዳ ጊዮርጊስ ተነሥቶ ወደ ዛሬው መርካቶ የተዛወረውም በዚያው በወረራው ጊዜ ነው። ሁለቱ አብረው ያደጉ ናቸው ማለት ይቻላል። የጎጃም በረንዳ ስም ራሱ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ስም ነው። እዚህ የገባ ሰው ትልቁ ሥጋቱ ርሃብ ብቻ አልነበረም፤ ቀባሪ ማጣት ነው። “ቀባሪ አያሳጣህ” ብሎ የሚመርቅ ሕዝብ መሆናችንን አትርሱ። ምርቃቱ “የቀብር ወጪ አያሳጣህ” አይልም።

ኮሮና ይህንን በደንብ አሳይቶናል። ሚያዝያ 2012 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጥቶ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል ድንኳን መጣል ቀረ፣ ለቅሶ መድረስ ቀረ። የእኛ እድር ገንዘቡን ሳያጓድል ለሐዘንተኞች ሰጥቷል። በዚያ ጊዜ ሰው የሞተባቸውን ዛሬ ጠይቋቸው። ስለ ገንዘቡ የሚያነሳላችሁ የለም። “ሳላለቅስለት ቀረ”፣ “ሰው ሳያየው ሄደ” ነው የሚሏችሁ። እዚያው ቤት ዛሬም ያልተዘጋ ሐዘን አለ።

እዚህ ድረስ ከአባቶቹ ጋር ነኝ። የምለያቸው ቅጣቱ ላይ ነው።

ብዙ እድር ቀብር ላይ ስም ይጠራል፤ ቀሪ ይቀጣል። የእኛው ውስጥ ቅጣቱ ሁለት መቶ ብር ነው። አባቶች “ልጆቹ መቅረት ስላበዙ ወደ አምስት መቶ ከፍ ይበል” እያሉ ነው። እኔ ደግሞ የሚያስቀራቸው ራሱ ቅጣቱ ነው እላለሁ። እስራኤል ውስጥ፣ ሃይፋ ከተማ፣ ሁለት ተመራማሪዎች 10 መዋዕለ ሕፃናት ላይ ያደረጉት ጥናት አለ፤ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ልጆቻቸውን ለመውሰድ አርፍደው የሚመጡ ወላጆች አስቸገሩ። በ6ቱ ላይ ያረፈደ ገንዘብ ይቀጣ ተባለ። አርፋጁ መቀነስ ሲገባው በእጥፍ ገደማ ጨመረ። ለምን? ድሮ ያረፈደ ወላጅ መምህሯን ያፍራት ነበር። አሁን ከፍሏል፤ ለምን ይፈር? የሚገርመው ቅጣቱ ሲነሣም ማርፈዱ አልቀነሰም። እፍረቱ አንዴ ተሽጧል።

የእኛም ነገር እንደዚያ ነው። ሁለት መቶ ብር ስትሉኝ መቅረትን ተመን አወጣችሁለት። ከሰዓት በኋላ ሦስት ሺህ ብር የሚያገላብጥ ልጅ ሂሳብ ያውቃል፤ የመርካቶ ልጅ ነው። አምስት መቶም ብትሉት ይከፍላችኋል። ያኔ ደግሞ “ብር ማን ጠየቀህ?” ማለት አትችሉም።

ሌላም ያስቀየመኝ ነገር አለ። “ወጣቱ አይመጣም” ሲባል ወጣት የሚባለው ወንዱ ብቻ ነው። ሴቶቹ መቼ ቀሩ? ድንኳን ውስጥ ወንዱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ካርታ ሲጫወት ሲያድር፣ ጓሮ ሽንኩርት የሚከትፉት፣ ንፍሮ የሚቀቅሉት፣ በሦስተኛው ቀን ድስት የሚያጥቡት እህቶቻችን ናቸው። ስማቸው ግን ከሚጠራው ዝርዝር ውስጥ የለም፤ የተመዘገበው አባወራው ነው። መገኘት ዕዳ ነው ከተባለ መጀመሪያ ማን ሲከፍል እንደኖረ ይጻፍ።

ደግሞ ጭራሽ ያልተጠየቁ አሉ። እዚሁ በረንዳ ላይ የሚውሉት ተሸካሚዎች፣ በደባልነት ተከራይተው የሚኖሩት ልጆች የማንም እድር አባል አይደሉም። ብዙ እድር አዲስ ገቢን የሚያስከፍለው ካለው ንብረት ድርሻ አስልቶ ነው፤ ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱን ቆጥሮ። በቀን ሥራ የሚኖር ሰው አይደርስበትም። ያን ቀን በዝናቡ አብሮኝ የተሸከመው ሁለተኛው ወጣት ማን እንደነበር ልንገራችሁ? አባል ያልሆነ ተሸካሚ ነው። እናትየዋ አንዳንዴ ቡና ይጠሩት ነበር፤ ሲሰማ ሥራውን ትቶ መጣ። ማንም ስሙን አልጠራም፤ ማንም አይቀጣውም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ፤ “የማኅበረሰብ ጉዳይ” የተባለ ሁሉ ዕዳ ነው እያልኩ አይደለም። ሠርግ ጥሪ ነው፤ ብትቀሩ ይወራባችኋል እንጂ ማንም አይጎዳም። የወረዳ ስብሰባና የጽዳት ዘመቻ ደግሞ ሌላ ነው፤ ያመነበት ይሂድ። ወላጆቻችን ስብሰባ ሲባል ቶሎ የሚነሡት ወደው ብቻ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ቀበሌ ከተቋቋመ በኋላ ስኳሩም ዘይቱም በቀበሌ ሱቅ ሆነና፣ ከስብሰባ መቅረት ምን እንደሚያስከትል ያዩ ሰዎች ናቸው። ያ ፍርሃት እንጂ ዕዳ አይደለም። የእድር ግዴታ ግን አባላት ድምፅ ሰጥተው ካጸደቁት መተዳደሪያ ደንብ ነው የሚመነጨው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እንኳ እድርንና እቁብን ከራሱ ወሰን ውጭ አድርጓቸዋል። ደንቡን የምንጽፈው እኛው ነን። ስለዚህ መለወጥም እንችላለን።

ምን ይለወጥ? እኔ የማስበው ቀላል ነው። ሁሉም አባል ሁሉም ቀብር ላይ ይገኝ የሚለው ይቅር፤ የማይቻል ነገር ማዘዝ ነው። መንደሩ በቡድን ይከፈል፤ ለእያንዳንዱ ለቅሶ አንድ ቡድን ተረኛ ይሁን። ተራው የደረሰ ሰው አስቀድሞ ያውቃል፤ አሠሪውንም ያስፈቅዳል፤ ካልቻለ ከሌላው ጋር ይቀያየራል። በሙስሊም ጎረቤቶቻችን ዘንድ ቀብር ቶሎ ስለሚፈጸም ለነሱ ቅርብ ያለው ቡድን ይቅደም። ኮዬ ፈጬ ያሉት ቀብር ባይደርሱ ማታ ማታ ሐዘንተኛው ቤት ተራ ይያዙ፤ ከቀብሩ ይልቅ አራተኛው ቀን ላይ ነው ቤቱ ጭር የሚለው። ድስት ማጠቡም በተራ ይሁን፤ ወንዶችም ይጠቡ፤ ማንም አልሞተም በዚህ።

የመግቢያውም ነገር ለተከራይና ለተሸካሚ ለብቻው ይታይ። ከድንኳኑ ድርሻ ባይኖረው ምን ቸገረው? ትከሻውን ይዞ ይምጣ፤ ሲሞት ደግሞ ይቀበር።

የእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ የፊታችን እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ሦስተኛው አጀንዳ “የቀሪ ቅጣትን ስለማሳደግ” ይላል። እኔ “ስለመሰረዝ” በሚል ይስተካከል የሚል ማመልከቻ ለጸሐፊው ሰጥቻለሁ። ግሩፑ ላይ 34 ሰው አውራ ጣት ልኮልኛል። ድምፅ የሚቆጠረው ግን አዳራሹ ውስጥ እጁን ያወጣ ሰው ብቻ ነው።