ፀሐይ ላይ ሲፈነዳ፣ በሐይቅ ሰማይ ላይ

ሐይቅ ከተማ ላይ ቆሞ ኮምፓስ የያዘ ሰው መርፌው ከመሬቱ ጋር ትይዩ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ያገኘዋል። ሽቅብም ቁልቁልም እንደ ልቡ የሚዞር መርፌ ለንደን ላይ ቢሰቀል ግን ሰሜናዊ ጫፉ ከ60 ዲግሪ በላይ ወደ ታች ያዘቀዝቃል። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ፣ ማለትም እንዲህ ያለው መርፌ ሳያዘቀዝቅ አግድም የሚተኛበት መስመር፣ ኢትዮጵያን አቋርጦ ያልፋል፤ ሐይቅና አምባሰል ከእሱ ጥቂት ወደ ሰሜን ብለው ይገኛሉ። ይህን መስመር ተከትሎ፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ቀን ቀን ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ። ፀሐይ ላይ ፍንዳታ ሲነሳ ጅረቱ ወዲያው ይናወጣል።

ፍንዳታው የሚነሳው በአብዛኛው ከፀሐይ ነጥቦች አካባቢ ነው። ነጥቦቹ የሚጠቁሩት ከዙሪያቸው ስለሚቀዘቅዙ ነው፤ ቀዘቀዙ ሲባልም ሙቀታቸው 4,000 ዲግሪ ገደማ ነው! ከሥር የሚወጣውን ትኩስ ጋዝ የሚያግተው መግነጢሳዊ መስካቸው ነው። አሜሪካዊው ጆርጅ ሄል እ.ኤ.አ. በ1908 ብርሃናቸውን ተንትኖ መስኩ መኖሩን አረጋገጠ። በትልልቆቹ ውስጥ 3,000 ጋውስ ይደርሳል፤ ሐይቅ ላይ ያለው የምድር መስክ ግማሽ ጋውስ እንኳ አይሞላም።

ተቃራኒ ዋልታ ያላቸው መስኮች ተጠጋግተው ሲጠማዘዙ እንደ ከረረ ገመድ ጉልበት ያጠራቅማሉ። መስመሮቹ ተበጥሰው በሌላ መልክ ሲያያዙ ጉልበቱ ባንድ ጊዜ ይለቀቃል። ይህ የሚሆነው ከነጥቡ በላይ፣ ስስ በሆነው የፀሐይ ከባቢ አየር ውስጥ ነው። ስለዚህ ፍንዳታው ከታች ያለውን ከባድና ጥቅጥቅ ያለ ጋዝ፣ ነጥቡንም ራሱን፣ ያንቀሳቅሳል ብሎ የጠበቀ ብዙ አልነበረም።

ያንቀሳቅሳል። የካቲት 8 ቀን 2003 ዓ.ም. ከደረሰው ትልቅ ፍንዳታ በኋላ፣ ሁለቱ ዋልታዎች በሚዋሰኑበት ቦታ አግድም የተኛው መስክ በ30 በመቶ ገደማ ጨመረ፤ ወደ ቀድሞውም አልተመለሰም። ጉልበቱን ያጣው መስክ ተኮማትሮ ወደ ታች ይጫናል የሚለው ማብራሪያ ለእኔ አሳማኝ ነው። ሰኔ 15 ቀን 2007 ዓ.ም. ደግሞ ካሊፎርኒያ በሚገኘው የቢግ ቤር ቴሌስኮፕ የታየው ይበልጥ ይገርማል፦ የፍንዳታው ብሩህ ሰንበር ነጥቡን አቋርጦ ሲሄድ፣ የደረሰበት ክፍል በየተራ መዞር ጀመረ።

ከፍንዳታው የሚወጣው ኤክስሬይ በ8 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ገደማ እኛ ጋ ይደርሳል። የላይኛውን አየር አተሞች ኤሌክትሮን ስለሚነጥቃቸው አየሩ ኤሌክትሪክ በቀላሉ ያስተላልፋል፤ ጅረቱም ያብጣል። በዚያን ጊዜ መግነጢሳዊ መስክን የሚለካው ማግኔቶሜትር የሚያሰምረው መስመር ላይ ቆልማማ መንጠቆ ይታያል። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ መሣሪያ የተተከለው ከ1957–58 እ.ኤ.አ. የዓለም አቀፍ ጂኦፊዚክስ ዓመት ጋር ተያይዞ ሲሆን፣ መሣሪያው የተተከለበትን ኦብዘርቫቶሪ ያቋቋሙት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ፒየር ጉዋን ናቸው። ቦታው የተመረጠውም ለመግነጢሳዊው ወገብ ስለሚቀርብ ነው።

አምባሰል ላይ በቀን አጭር ሞገድ የሚያዳምጥ ሰው ሬዲዮው ድንገት ድምፁ ቢጠፋ ባትሪውን ከመቀየሩ በፊት ትንሽ ቢታገሥ ይሻላል፤ ያው ኤክስሬይ ሞገዱን የሚውጥ ሽፋን ፈጥሮ ሊሆን ይችላል። የማታው ስርጭት ከዚህ ያመልጣል፤ ፀሐይ በሌለችበት ሰማይ ኤክስሬዩ አይደርስምና።