የአሮጌ ፒካፕ የፊት መብራት ሲቀየር ከዋጋው በፊት አቅጣጫው ይታይ

ጎህ ሳይቀድ አህያ ጭነው ወደ ገበያ የሚጓዙ ሰዎችን ለአሽከርካሪው የሚያሳየው አጭሩ መብራት ነው። በሀገራችን ተሽከርካሪ ቀኝ ይዞ ስለሚጓዝ፣ ብርሃኑ በቀኝ በኩል ከፍ ብሎ የመንገዱን ዳር ማሳየት፣ በግራ ደግሞ ዝቅ ብሎ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ማዳን አለበት። እንደ ጃፓንና ኬንያ ግራ ይዘው ለሚነዱ ሀገራት የተሠራው መብራት ግን ተቃራኒውን ያደርጋል፤ እግረኛውን በጨለማ ትቶ ሾፌሩን ያጥበረብራል።

ስለዚህ ለአሮጌ ሃይሉክስዎ ምትክ ሲገዙ፣ ሻጩ ከባትሪ ጋር አገናኝቶ ግድግዳ ላይ እንዲያበራው ይጠይቁ። የብርሃኑ ጠርዝ ወደ ቀኝ ከፍ ካለ ይግዙት፤ ወደ ግራ ከሆነ ርካሽም ቢሆን ይተዉት።

ለሃሎጅን በተሠራ መብራት ውስጥ የኤልኢዲ አምፖል መክተትም (ብዙዎች ደመቀልን ቢሉም) ብርሃኑን ይበትነዋል። የተለመደው ባለ 12 ቮልት ኤች 4 አምፖል 60/55 ዋት ነው፤ ከዚያ የበለጠው ሶኬቱን ሊያቀልጥ ይችላል።