የልጅዎን እንግሊዝኛ በአማርኛዎ ያግዙ

አራዳ የውጭ ቋንቋ ትምህርትን ያወቀችው ዛሬ አይደለም። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከተከፈተ እንኳ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እንዲያም ሆኖ ፒያሳ አካባቢ የማገኛቸው ወላጆችና አያቶች ጭንቀት አንድ ነው፤ «ልጁ ይጠይቀኛል፣ እኔ እንግሊዝኛ አልችልም» ይላሉ። ጭንቀታቸው እውነት ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ስላደረገ፣ ሰዋስው ያልገባው ልጅ የባዮሎጂውም ጥያቄ ያደናግረዋል።

ልጆችን ከሚያስቸግሩት አንዱ «ናውን ክሎዝ» የሚባለው ነው። ይህም የራሱ ግሥ ያለው ሐሳብ ሆኖ፣ በትልቁ ዐረፍተ ነገር ውስጥ የአንድ ስም ሥራ የሚሠራ ነው። በነርስነት ዘመኔ ከበሽተኞች አፍ ስሰማው ኖሬአለሁ።

«ሐኪሙ የነገረኝ አስደነገጠኝ።» ምን አስደነገጠሽ? «ሐኪሙ የነገረኝ»፤ ባለቤት ነው። «የት እንደሚያመኝ አላውቅም።» ምኑን አታውቂም? «የት እንደሚያመኝ»፤ ተሳቢ ነው። «ችግሩ መድኃኒቱን ማቋረጡ ነው» ስንል ደግሞ ችግሩ ምን እንደሆነ ይገልጻል። በእንግሊዝኛ ከመስተዋድድ ቀጥሎም ይመጣል፤ «አባውት ዋት ሃፕንድ» ማለት «ስለሆነው ነገር» ነው።

ልጆች የሚሳሳቱት በቃላቱ ቅደም ተከተል ነው። «የት ነው?» ሲባል «ዌር ኢዝ ሂ?» ይሆናል። «የት እንደሆነ አውቃለሁ» ለማለት ግን ብዙዎቹ «አይ ኖው ዌር ኢዝ ሂ» ይላሉ። ትክክሉ «አይ ኖው ዌር ሂ ኢዝ» ነው። ጥያቄው በሌላ ዐረፍተ ነገር ሆድ ውስጥ ሲገባ ጥያቄነቱን ይተዋል። አማርኛችንም ይህንኑ ያደርጋል፤ «የት ነው» የነበረው «የት እንደሆነ» ሆነ እንጂ «የት ነው አውቃለሁ» አንልም። ልዩነቱ፣ እኛ ማሰሪያውን ግሥ መጨረሻ ላይ ስናስቀምጥ እንግሊዝኛ ማስቀደሙ ነው።

ቤት ውስጥ እንዲህ ይሞክሩ። ልጁ ዐረፍተ ነገሩን በአማርኛ ይንገርዎት። እርስዎ «ምን?» ወይም «ምኑን?» ብለው ይጠይቁት። መልሱ ግሥ ያለበት ሐሳብ ከሆነ ያንን በእርሳስ ያስምርበት። ከዚያ እንግሊዝኛውን ይጻፍና የተሰመረበትን አንሥቶ በቦታው «ሳምቲንግ» የሚለውን ቃል ያስገባ። «አይ ኖው ሳምቲንግ» ሙሉ ሐሳብ ነው፤ ስለዚህ ያነሣው ክፍል የስም ሥራ ይሠራ ነበር ማለት ነው።

ለዚህ ሁሉ ከእርስዎ የሚፈለገው እንግሊዝኛ አይደለም፤ ከእራት በኋላ አሥር ደቂቃና ትዕግሥት ብቻ ነው።